አዲስ ዲዛየር፣ 2,600 ኪሎ ሜትር ላይ፦ ሞተሩ ተፈታ ማለት ነው?

የገርጂው ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ። ሱዙኪ ዲዛየር ከገዛሁ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆነኝ። 1.2 ሞተር፣ ማኑዋል ናት። ስረከባት ገና 14 ኪሎ ሜትር ነበር የሄደችው። ከእናቴ ጋር ሆነን በእቁብ ያጠራቀምነው ብር ነው የገባባት። ስለዚህ በእኔ አያያዝ ጉድለት ምንም እንዲደርስባት አልፈልግም።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብተር ይዣለሁ። ነዳጅ በቀዳሁ ቁጥር እስከ አፉ አስሞልቼ ሊትሩንና ኪሎ ሜትሩን እጽፋለሁ።

እስከ 1,000 ድረስ ደከም ያለች ነበረች። እሁድ እሁድ እናቴን እንጦጦ ማርያም አደርሳታለሁ። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስንወጣ ሁለተኛ ማርሽ ካላስገባሁ አትገፋም። ሦስተኛ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ከተማ ውስጥ በሊትር 11.8 ኪሎ ሜትር ነበር የምትሄደው። ከ2,000 በኋላ 12.6 ገባች።

ያለፈው ቅዳሜ ደግሞ ለሥራ መተሃራ ሄድኩ። ሌላ መኪና ሆነችብኝ! አራተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ስሰጣት ትፈተለካለች። በሊትር 18.2 ሄደች።

ጥያቄዬ ይኸው። ሞተሩ ተፈታ ማለት ነው? ሮዳጅ፣ ማለትም አዲስ ሞተር ተላምዶ የሚፍታታበት ጊዜ፣ አለቀ? አንዱ ጓደኛዬ «ሮዳጅ የድሮ ወሬ ነው፣ ረግጠህ ንዳት» ይለኛል። ሌላው «3,000 እስክትሞላ ከ80 እንዳታልፍ» ይላል። ሁለቱም መኪና የሚያውቁ ልጆች ናቸው።

ሰሚት ላይ፦

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። የእኔም ዲዛየር ናት፣ 41,000 ሄዳለች። አዎ፣ ከ1,500 በኋላ ሞተሩ ለቀቅ ይላል። የተፈታች ይመስለኛል። በርታ።

ጋሽ ብሮንዚን፦

ልጄ፣ ደብተር መያዝህ ልቤን ደስ አሰኘው። ጋራዥ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ቁጥር ጽፎ የሚመጣ ደንበኛ በጣት የሚቆጠር ነው።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። 18.2 ያልከው የመሄጃውን ብቻ ነው ወይስ የመልሱንም?

አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። መተሃራ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። ስለዚህ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደሃል። ለቁልቁለት ሞተሩ ብዙ ነዳጅ አይጠይቅም። ጉልበቱ ደግሞ ከአየሩ ነው የመጣው። የአንተ ሞተር ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባለት መሣሪያ) የለውም፣ አየር የሚስበው በራሱ ነው። እዚህ ከተማ አየሩ ስስ ስለሆነ በእያንዳንዱ ምት የሚገባው አየር ያንሳል። ፋብሪካው 82 የፈረስ ጉልበት ብሎ የሚጽፈው ለባሕር ወለል ነው። እዚህ አምስተኛውን ያህል ስታጣ 65 አካባቢ ይቀርሃል። እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። እና መኪናህ መተሃራ ላይ የተፈታች የመሰለችህ ጥሩ አየር ስላገኘች ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ብትነዳትም እዚያ ስትወርድ እንዲሁ ናት።

አሁን ወደ ሮዳጅ ልምጣ፤ እሱም እውነት ነው። የሲሊንደር ግድግዳ እንደ መስታወት የለሰለሰ አይደለም። ፋብሪካው ሆን ብሎ በስሱ ይጭረዋል። የተጠላለፉት ጭረቶች ዘይት ይይዛሉ። አዲስ ፋሻ (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) ከዚያ ግድግዳ ጋር ተፋጭቶ፣ የሁለቱም ሹል ሹሉ ተቆርጦ፣ እስኪገጣጠሙ ድረስ ሰበቃው ትንሽ ከፍ ይላል። ትንሽ ዘይትም ሊያልፍ ይችላል። ሲገጣጠሙ ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ ውስጥ የአየሩ መታመቅ) ይጠብቃል፣ ሰበቃው ይቀንሳል። ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑም) የራሱን ያህል ይላላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው። ፋሻውን ወደ ግድግዳው የሚገፋው የራሱ ውጥረት ብቻ አይደለም። ከላይ የሚቃጠለው ጋዝ ከፋሻው ጀርባ ገብቶ ይገፋዋል። ጭነት ከሌለ ግፊት የለም፣ ግፊት ከሌለ ፋሻው በደንብ አይቀመጥም። አዲስ ሞተር እንደ አራስ የሚንከባከቡ ሰዎች ግድግዳው ያብረቀርቅባቸዋል። ከዚያ ዘይት መብላት ይጀምራል። በታደሰ የናፍጣ ሞተር ላይ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ «ኧረ በጣም ተጠንቅቄ ነበር» ሲለኝ ያሳዝነኛል።

የ80 ኪሎ ሜትሩ ሕግ ከእኛ ዘመን የመጣ ነው። ሞተር አድሰን፣ ካሚቻ (የሲሊንደሩን የውስጥ ልባስ) ቀይረን ስንጨርስ ካርቶን ላይ «ሮዳጅ» ብለን ጽፈን ከኋላ እንለጥፍ ነበር። ያኔ የአቆራረጡ ጥራት እንደ ዛሬ አልነበረም። የዛሬ ሞተር ፋብሪካው ውስጥ እያለ ብዙው አልቆለታል።

እንግዲህ ሱዙኪ ራሱ የሚለውን ያዝ። የመጀመሪያዎቹን 960 ኪሎ ሜትሮች ሙሉ በሙሉ አትርገጥ፣ በአንድ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ አትንዳ፣ በከፍተኛ ማርሽ ቀስ ብለህ አትጎትታት። የመጀመሪያዎቹን 320 ደግሞ ፍሬን በኃይል አትያዝ። አንተ ይህን አልፈሃል። ከዚህ በኋላ የሚያሰጋኝ ያ ሦስተኛ ማርሽ ላይ የሚንቀጠቀጠው ነው። ስትንቀጠቀጥ እንዳታስገድዳት። ሁለተኛ አስገባና ትጩህ፣ ጩኸት አይጎዳትም። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ግን ከፍ ያለ ዙር አትስጣት።

በል የመልሱን ቁጥር ፈልግና ንገረኝ።

ቦራ ሰፈር፦

ጋሼ ያክብሩልን። እኔ ግን እስካሁን ሁለት አዲስ መኪና ከመጀመሪያው ቀን ረግጬ ነድቻለሁ፣ ምንም አልሆኑም። ሰው ዝም ብሎ ይፈራል።

ጋሽ ብሮንዚን፦

ልጄ፣ ምንም ላይሆኑ ይችላሉ። የዛሬ ሞተር ቻይ ነው። ግን ጉዳቱ ከመጣ ቆይቶ ሊመጣ ይችላል፣ ያኔ መኪናው የሌላ ሰው ሆኖ ይሆናል። 960 ኪሎ ሜትር ሁለት ሦስት ሳምንት ነው። ታግሠህ ብትነዳ ምን ትጎዳለህ?

የአሌክሳንድሪያዋ፦

ሰላም ከቨርጂኒያ። ወንድሜ፣ የአንተን ሳነብ የራሴን አየሁ። ኮሮላ አዲስ የገዛሁት ጥር ወር ላይ ነበር፣ በረዶ ሳለ። በጋሎን 31 ማይል ትሄድ ነበር። ግንቦት ላይ 36 ገባች። እኔም ለሁሉም «ሞተሯ ተፈታ» ብዬ አወራሁ። በሚቀጥለው ጥር ተመልሳ 32 ሆነች። ብርድ ላይ ሞተር ለመሞቅ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል፣ እዚህ በብርድ ወቅት የሚሸጠው ቤንዚንም ጉልበቱ ትንሽ ያንሳል። እውነተኛው የሮዳጅ ለውጥ ከ31 ወደ 32 የሄደው ነው ማለት ነው፣ እሱም ከሆነ።

የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ ፍጆታ ድረ ገጽም አዲስ መኪና ደህናውን ፍጆታ የሚሰጠው ከ3,000 እስከ 5,000 ማይል ከሄደ በኋላ ሊሆን ይችላል ይላል። በኪሎ ሜትር ከ4,800 እስከ 8,000 ገደማ ነው። ስለዚህ በ2,600 አትፍረድ።

ስለ ዘይትም አንድ ነገር ልበል። ወንድሜ ሆንዳ አለው። የእነሱ መመሪያ የመጀመሪያውን ዘይት ጊዜው ሳይደርስ አትቀይሩ ይላል። ሌላ መኪና ደግሞ ቶሎ ቀይሩ ይባላል። ጎረቤት ያለውን ትታችሁ የየመኪናችሁን መጽሐፍ አንብቡ። እኔ ያነበብኩት ከገዛሁ ከአምስት ወር በኋላ ነው።

የገርጂው ልጅ፦

ይቅርታ ቆየሁ። ቁጥሩን እስካሟላ ነው።

ጋሽ ብሮንዚን፣ የመልሱም ደብተሩ ላይ ነበረ፤ ልብ አላልኩትም። ከመተሃራ አዲስ አበባ በሊትር 12.9። ደርሶ መልስ ሲደመር 15.1 ይመጣል። 18.2 ያልኩት ቁልቁለቱ ነው። እርስዎ ባይጠይቁኝ ኖሮ ለሰው ሁሉ ሳወራው እኖር ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር አደረግኩ። እንጦጦን መለኪያ አደረግኩት። ያው መንገድ፣ ያው እሁድ ጠዋት፣ እናቴና እኔ ብቻ፣ የጎማ ነፋስ ቅዳሜ ማታ ተለክቶ። አሁን 4,300 ላይ ነኝ። መጀመሪያ ወር ሁለተኛ ማርሽ ያስገባሁበት መታጠፊያ ላይ ዛሬም ሁለተኛ ነው የማስገባው። ጉልበቷ ላይ ስሜቴ የነገረኝን ያህል ለውጥ የለም። ሦስተኛ ላይ ማስገደዱን ግን ትቻለሁ።

ነዳጁ ግን በእርግጥ ተቀይሯል። ከተማ ውስጥ ያለፉት አራት ሙሊቶች አማካይ በሊትር 13.1 ነው። መጀመሪያ 11.8 ነበር። ከዚህ ውስጥ ስንቱ የሞተሩ፣ ስንቱ የእኔ እግር እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። መጀመሪያ አካባቢ ፍሪሲዮኑን ገና አልለመድኩትም ነበር።

ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጣት ሞተሯ እየሠራ) ስትቆም ድምጿ ረጋ ብሏል፣ ይህን እናቴም ሳልነግራት አስተውላለች። ዘይቱ ደግሞ ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች መለኪያው ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወርዶ ነበር። ሰርቪስ ላይ ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ፣ መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆማ፣ ጠዋት ሳትነሳ አያለሁ። 3,300 ኪሎ ሜትር ሄዳ መስመሩ ከነበረበት አልተነቃነቀም።

ጋሽ ብሮንዚን፦

በቃ፣ ፋሻው ተቀምጧል። ለእናትህ ሰላምታ አድርስልኝ።