የወቅቱ ቲማቲምና የመጽሐፉ ደቂቃ

ጥያቄ፦ የምግብ አሠራር መጽሐፉ 2 ኪሎ ቲማቲም በ30 ደቂቃ ወፍራም ስጎ ይሆናል ይላል። በወቅቱ የደረሰው ቲማቲም ግን ውኃ ውኃ ይላል። ለምን?

መልስ፦ ደቂቃውን ተወውና የድስቱን ስፋት እይ። ጠባብና ጥልቅ ድስት እንፋሎቱን ቶሎ ስለማያስወጣ ቲማቲሙ ይቀቀላል እንጂ አይወፍርም። ሰፊ ድስት ላይ ሳትከድን፣ ማንኪያ ሲጎተት ወለሉ እስኪታይ አብስለው። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፤ ውኃው ሲተን ይበረታል።

መልስ፦ እስማማለሁ። ዘሩን በወንፊት አጥልለህ አውጣ፤ ጭማቂውን ግን እንዳትደፋው፣ ጣዕሙ እዚያ አለ! ለብቻው ግማሹ እስኪቀር አፍልተህ መልሰው።

መልስ፦ ስኳሩንም ሳትቀምስ አትጨምር፤ በወቅቱ የበሰለ ቲማቲም ብዙ ጊዜ አይፈልገውም። ከሰዓት ይልቅ መልኩንና ሽታውን የሚገልጽ መጽሐፍ ማንበብ እንዴት ደስ ይላል!