የሀገራችንን ትንንሽ የወንዝ አሳ ቤት ውስጥ ለማኖር ምን ልግዛ? ጠቁሙኝ

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ያለሁት አዲስ አበባ ነው፣ ጎልድፊሽ ነበረኝ አሁን የራሳችንን የወንዝ አሳ መሞከር ፈልጌያለሁ። አኳሪየሙን ከሱቅ ልግዛ ወይስ መስታወት ቤት ላሰራ? ፊልተርስ የቱ ይሻላል? ሂተርም የግድ ነው ብለውኛል 🙏

መልስ፦ እህቴ ሂተሩን ተዪው። ሱቆቹ የሚነግሩሽ ለኒዮንና ለቤታ የሚሆነውን ነው፣ እነሱ የሞቃት አገር አሳዎች ናቸው፣ የደጋና የወይና ደጋ ወንዝ አሳ ግን የአዲስ አበባ ቤት ሙቀት ይበቃዋል፣ የኔ ቴርሞሜትር ክረምት ላይ 17 በጋ 21 ነው የሚያሳየው፣ አንድም በብርድ የታመመብኝ የለም። በሂተሩ ብር ጥሩ ኤር ፓምፕ ግዢ፣ ባትሪ ያለውን፣ መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚቀጥለውን። እኔ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ የሚገባውን የኤሌክትሪክ ፊልተር ነበር የገዛሁት፣ ውሃውን ያጠራል አልዋሽሽም፣ ግን አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ ጠዋት ስነሳ ሁሉም ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፣ አራቱ ሞቱብኝ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ከዛ ወዲህ ስፖንጅ ፊልተር፣ ማለትም ፓምፑ አየር ሲነፋበት ውሃውን በስፖንጅ የሚያጠራውን፣ በባትሪ ፓምፕ ብቻ ነው የምጠቀመው።

አኳሪየሙን መስታወት ቤት አሰሪው። የሱቁ ያምራል ግን አብዛኛው ጠባብና ወደ ላይ ረጅም ነው፣ ለወንዝ አሳ ደግሞ የሚያስፈልገው ወለሉ ሰፊ የሆነ ነው። የኔ 80 በ40 በ40 ሳንቲ ነው፣ በ8 ሚሊ መስታወት የተሰራ፣ ሲሞላ ውሃው ብቻ ወደ 128 ኪሎ ይመዝናል ስለዚህ ጠረጴዛሽን እዪ። ሲሊኮኑን ራስሽ ገዝተሽ ስጫቸው፣ ለሻወር ቤት የሚሸጠው የሻጋታ መከላከያ አለበት አሳ ይገድላል።

አሳውን በተመለከተ የኔ ምርጫ ጋራ የሚባለው ነው፣ የሳይንስ ስሙ ነው እንጂ ከተራራው ጋር አይገናኝም፣ በመቂ ወንዝ ስም የተሰየመ ጋራ ማኪየንሲስ የሚባልም አለ። አገጩ ስር እንደ ትንሽ ሳህን ያለ ነገር አለው፣ በሱ ድንጋዩን ሙጥኝ ብሎ ጎርፍ አይወስደውም። መስታወቱ ላይ ሲለጠፍ ከፊት ለፊት ከንፈሩ ሲፍቅ ይታያል፣ አረንጓዴው ላይ በሄደበት ሁሉ ንጹህ መስመር ይተዋል፣ ልጄ ቁርሷን የምትበላው እሱን እያየች ነው። ባርብ የሚባሉትን ብርማ ትንንሽ አሳዎች ከፈለግሽ ዝዋይና አዋሽ አሉ፣ በመንጋ ስለሚኖሩ ከ6 አታሳንሺ። ከጣና ግን ባታስመጪ ደስ ይለኛል፣ እዛ ካሉት አብዛኞቹ ሌላ የትም የሌሉ ዝርያዎች ናቸው።

ውሃ? የቧንቧው ይበቃል፣ ባልዲ ውስጥ ክፍቱን 24 ሰዓት አሳድሪውና ክሎሪኑ ይውጣለት፣ የታሸገ ውሃ መግዛት ብር ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቆሮሶ ጫጩትስ ከጋራው ጋር ይሆናል? ምግቡስ?

መልስ፦ ቆሮሶ አይሆንም፣ ሲያድግ ታንኩ አይበቃውም፣ ወንዱ ደግሞ ቦታ ይዞ ሌላውን ያሳድዳል። ለጋራ የተቀቀለ ጎመንና ዱባ ከሱቁ ፍሌክ (ደረቁ የአሳ ምግብ) ይበልጥበታል፣ ፍሌኩን በሳምንት ሁለቴ ጣል አድርጊለት። ክዳን ደግሞ አትርሺ፣ ጋራ እርጥብ መስታወት ላይ ተለጥፎ ይወጣል፣ አንዱን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ደርቆ ነው ያገኘሁት። አሳ ከማስገባትሽ በፊት ንገሪኝና ከኔ ታንክ የለመደ ስፖንጅ፣ ውሃ የሚያጠሩ ባክቴሪያዎች ያደጉበትን፣ ቆርጬ እሰጥሻለሁ፣ ክሎሪኑ እንዳይገድላቸው በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቢው ብቻ።