ገንዘብ ያዥ አጥቼ ምርጫው ሊያመልጠኝ ነው

በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለትምህርት ቦርድ ለመወዳደር ወስኛለሁ። ሁለት ልጆቼ እዚሁ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ነገሩ የተጀመረው በወላጆች ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ካጡ እናቶች አጠገብ ተቀምጬ በአማርኛ ሳንሾካሽክላቸው ነው።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ተወዳዳሪ የራሱ ዘመቻ ገንዘብ ያዥ እንዲሆን አይፈቅድም። የጠየቅኳቸው ሁሉ «በርታ፣ ከጎንህ ነን» ይሉኛል፤ ፊርማ ሲባል ግን ስልካቸው አይነሳም። አልፈርድባቸውም፤ የገንዘብ ያዡ ስም በየዘመቻው ወረቀት ላይ ይታተማል፣ የሂሳብ ሪፖርቱም ጣጣ የእርሱ ነው። አጎቴ ደግሞ ከእድርተኞቻቸው ያሰባሰቡትን ጥሬ ገንዘብ በፖስታ አድርገው ይዘውልኝ መጡ። ከአንድ ሰው ከ100 ዶላር በላይ በጥሬ ገንዘብ መቀበል ስለማይቻል፣ የሰጪዎቹም ስም መመዝገብ ስላለበት፣ እያፈርኩ መለስኩላቸው። እስካሁን እንዳኮረፉ ናቸው።

ሌላም ራስ ምታት አለብኝ። የምወዳደርበት ወንበር የአንድ ቀጠና ቢሆንም ድምፅ የሚሰጠው መላው ካውንቲ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሚያውቀኝ ሞልቷል፤ ፖቶማክና ጀርመንታውን ግን ማን ያውቀኛል? ውድድሩ የፓርቲ ስላልሆነ ከስሜ ጎን የሚደግፈኝ ምልክት እንኳን የለም።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ ገንዘብ ያዥ የሚሆን ሰው እንዴት አግባባችሁ? አጎቴንስ በምን ልካሳቸው?