ለዒላማ ተኩስ የሚሆን .22 ሽጉጥ፦ የ600 ዶላሩ ይሻላል ወይስ የ1,700ው?

የአሌክሳንድሪያው

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ካለፈው ጥር ወዲህ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር የተኩስ ክለብ መሄድ ጀምሬያለሁ። የምንተኩሰው ቡልስአይ የሚባለውን ነው። ቆሞ፣ በአንድ እጅ፣ .22 የምትባለውን ትንሿን ጥይት በሚተኩስ ሽጉጥ። እስካሁን በእሱ ብራውኒንግ በክማርክ ነው የምለማመደው። በመስከረም ሊጉ ስለሚጀመር የራሴን መግዛት እፈልጋለሁ።

ሁለት ሐሳብ ውስጥ ነኝ። አንደኛው ሩገር ማርክ 4 ታርጌት ነው፤ ሱቅ ውስጥ 600 ዶላር ገደማ ብለውኛል። ሁለተኛው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 41 ነው፤ እሱ 1,700 ዶላር። ገንዘቡን አጠራቅሜያለሁ። ባለቤቴም ታውቃለች፣ «አንዴ ጥሩውን ግዛና ይብቃህ» ነው የምትለኝ። ክለቡ ውስጥ ያሉት አንጋፋዎች ብዙዎቹ የሚይዙት 41 ነው።

አሁን ነጥቤ ከ300ው 240 ገደማ ነው። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ የ1,100 ዶላሩ ልዩነት ምን ይገዛልኛል? ነጥብ ይጨምርልኛል? ለስፖርት ብቻ ነው የምፈልገው። ቤት ውስጥ ሁለት ትናንሽ ልጆች አሉ፣ ስለዚህ ስለ አቀማመጡም ምክር ብታክሉልኝ ደስ ይለኛል።

ጋሽ ኮሎራዶ

ወንድሜ፣ እንኳን ወደዚህ ስፖርት በደህና መጣህ። እኔ አውሮራ ነኝ፣ ዴንቨር አጠገብ። ቡልስአይ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የጠቀስካቸው ሁለቱም ሽጉጦች አሉኝ፣ ሁለቱንም እተኩስባቸዋለሁ። ስለዚህ አንዱን ለማጣጣል አይደለም የምጽፈው። መልሴ ግን አጭር ነው፦ ሩገሩን ግዛ። የተረፈውን ጥይት ግዛበት።

ምክንያቱን ላስረዳህ። 50 ያርድ ላይ የሚሰቀለው ዒላማ የ10 ቁጥሩ ክብ 3.36 ኢንች ስፋት አለው። ስምንት ሴንቲ ተኩል ማለት ነው። ማርክ 4 ታርጌትን በአሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፈህ፣ የሚስማማውን ጥይት አጉርሰህ ብትተኩስ ክቡ ውስጥ ያስገባልሃል። የበርሜሉ ጥራት ከአንተም ከእኔም እጅ ይበልጣል። 240 ላይ ያለ ሰው የሚያጣቸው 60 ነጥቦች ከበርሜሉ አልጠፉም። ምላጩን ሲስብ እጁ ስለሚነቃነቅ ነው የጠፉት።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ልዩነት የሚመጣው፤ ምላጩ ላይ። ሩገር ከፋብሪካ ሲወጣ ምላጩ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ፓውንድ ይጠይቃል። ከመተኮሱ በፊትም ትንሽ እየጎተተ ይሄዳል። ሽጉጡ ራሱ ግን 3 ፓውንድ አይሞላም። ከዕቃው ክብደት የሚበልጥ ኃይል በአንዲት ጣት ላይ አሳርፈህ፣ እሱን ሳታነቃንቅ ሳብ ተባልክ ማለት ነው። በሁለት እጅ ቢሆን ይቻል ነበር። በአንድ እጅ፣ ያውም ለፈጣኑ ዙር 5 ጥይት በ10 ሰከንድ ሲሆን፣ ከባድ ነው። የ41 ምላጭ ወደ 3 ፓውንድ ነው፤ ሳይንሸራተት፣ ሳይጎተት፣ ቀጭ ብሎ ይለቃል። አንጋፋዎቹ የሚወዱት ለዚህ ነው። እውነታቸውን ነው።

ነገር ግን ያንን ምላጭ ለማግኘት 1,100 ዶላር አያስፈልግህም። አይዋ ውስጥ ያለው ቮልኳርትሰን ለማርክ 4 የሚሆን የምላጭ ዕቃ በሙሉ ይሸጣል። ወደ 150 ዶላር ነው። ሲገጠም ምላጩ ወደ 2 ፓውንድ ከሩብ ይወርዳል። የውድድሩ ደንብ ለ.22 ከ2 ፓውንድ እንዳያንስ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ደንቡ ውስጥ ነህ። እጅህ ከዚህ ዓይነት ሥራ ጋር ካልተዋወቀ ለጠመንጃ ጠጋኝ ስጠው። ተገጥሞ ሲመለስ ባዶውን ሆኖ ማጠበቂያውን (ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚቆልፈውን)፣ ምላጩን፣ ሁሉንም ሳትፈትሽ ጥይት አታጉርሰው። ምላጩንም በሚዛን አስለካው፣ ውድድር ላይ ሚዛኑ ይጠብቅሃል።

እንግዲህ አብረን እንቁጠር። ሩገሩ 600። ምላጩ 150። ደህና የስታንዳርድ ፍጥነት ጥይት አንዱ ወደ 10 ሳንቲም ነው፣ 5,000 ፍሬ ወደ 500 ዶላር። 1,250 ሆነ። በቀረው 450 ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን፣ የጆሮ መከላከያና የሊግ መዋጮ ትከፍላለህ። ምናልባት ሬድ ዶት፣ ማለትም ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያም ይጨመራል። 41ን ብትገዛ ግን መስከረም ላይ የሚያምር ሽጉጥ ይዘህ ጥይት እየቆጠብክ ትገባለህ። 5,000 ጥይት በትኩረት የተኮሰ ሰው ግን መስከረም ላይ ሌላ ሰው ነው።

ስለ ጥይቱ ትንሽ ልጨምር፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። ፈጣኑን፣ ሳጥኑ ላይ ኃይለኛ የሚል የተጻፈበትን አትግዛ። ሲሲአይ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ ብዙዎቻችን የምንለማመድበት ነው፤ በግሬን ሚዛን 40 የሚመዝን እርሳስ፣ በሰከንድ 1,070 ጫማ። ከድምፅ ፍጥነት በታች ይጓዛል። ለዒላማ ተኩስ የሚመረጠው እንዲህ ያለው ነው። በዚያ ላይ 41 የተሠራው ለስታንዳርዱ ነው፤ ኃይለኛው ይጎዳዋል።

ሌላው ስለ 41 የማይነገርህ ነገር አለ። አመለኛ ነው። እዚህ በብርድ ወቅት ደጅ ስንተኩስ የጥይቱ ሰም ይጠጥራል። 41 ወደ ኋላ ሙሉ ሳይሄድ ቀለሁን ነክሶ ይቀራል። ሩገሩ በዚያው ብርድ፣ በዚያው ጥይት ይሠራል። እርግጥ ሲቀረቀርብህ አሊባይ፣ ማለትም መሣሪያው ስለተበላሸ ልድገም የሚለውን ፈቃድ፣ ጠይቀህ ዙሩን ትደግማለህ። ግን የተረበሸ ልብ ይዞ መድገም ጥሩ አይደለም።

አንድ ነገር እንደ ታላቅ ወንድም ልበልህ። እኛ መሣሪያ የወንድ ክብር ነው እየተባልን ነው ያደግነው። አባቶቻችን ምንሽራቸውን እንዴት ይወለውሉት እንደነበር አውቃለሁ፣ ያንን አክብሮት እኔም እወደዋለሁ። ተኩስ ሜዳ ላይ ግን ክብሩ ወረቀቱ ላይ ነው ያለው። ያንን 41 የያዙት ሰዎች አጠገባቸው በሩገር 280 የሚያመጣ ሰው ሲቆም ሽጉጡን ሳይሆን አቋሙን ነው የሚያዩት።

ሂዩስተን ነኝ

ጋሼ፣ አክባሪዎ ነኝ፣ በአብዛኛው እስማማለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን እለያለሁ።

ሂሳቡ አዲስ ለሚገዛ ሰው ነው። ሞዴል 41 ከ1957 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ሽጉጥ ነው። ያገለገለ ሞልቷል። በደንብ የተያዘ 41 ከአዲሱ በደህና ቅናሽ ይገኛል፣ ከዓመታት በኋላ ስትሸጠውም ገንዘብህ ብዙ አይጎድልም። ሩገሩ ላይ የገጠምከው የ150 ዶላር ምላጭ ግን ሲሸጥ አይመለስም። ገዢው ዋናው ሽጉጥ ስንት ነው ብቻ ነው የሚልህ።

ሌላው ደግሞ ማነጣጠሪያው ነው። በርካሽ ሽጉጦች ላይ የኋላውን ማነጣጠሪያ አንድ ጠቅታ ስታዞረው በትክክል አንድ ጠቅታ መሄዱን እርግጠኛ አትሆንም። ወንድማችን ይህን ስፖርት እንደማይተው እርግጠኛ ከሆነ ያገለገለ 41 ይፈልግ። ክለቡ ውስጥ ያሉትን አንጋፋዎች ይጠይቅ፤ ሱቅ ከመድረሱ በፊት እዚያው እጅ ለእጅ የሚሸጥ አይጠፋም። ደግሞ ሰውየው እንዴት እንደያዘው ታውቃለህ።

ፍራንክፈርት

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ጀርመን ነኝ። የምተኩሰው በ25 ሜትር ነው፣ የሴቶች 25 ሜትር ሽጉጥ። እዚያም .22 ነው የሚተኮሰው። ከ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ጀምሮ የኦሎምፒክ ውድድር ነው።

እዚህ አገር ሕጉ ስለሚያስገድድ ሰው በመጀመሪያው ወር ሽጉጥ አይገዛም። ቢያንስ 12 ወር የክለብ አባል ሆነህ፣ አዘውትረህ ተለማምደህ፣ ፈተና አልፈህ፣ ማኅበሩ ያስፈልገዋል ብሎ መስክሮልህ ነው። በዚያ ዓመት ሁሉ የምንተኩሰው በክለቡ ሽጉጥ ነው። ሲጀመር ይሰለቻል። ግን ዓመቱ ሲያልቅ እጅሽ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። በዋልተርም፣ በፓርዲኒም፣ በሌላም ተኩሰሻል።

እኔ በመጨረሻ የገዛሁት ፓርዲኒ ነው። ከ41ም በላይ ውድ ነው። የከፈልኩት ለበርሜሉ አይደለም፣ ለእጀታው ነው። እጄ ትንሽ ነው። የአሜሪካኖቹ ሽጉጦች እጀታ አንድ ልክ ሆኖ ለሁሉም ይሰጣል። የእኛዎቹ ከእንጨት የተሠሩ፣ በትንሽ፣ በመካከለኛና በትልቅ ልክ የሚመጡ ናቸው፤ ለግራኝም አለ። ከታች መዳፍን የሚደግፍ ወለል አላቸው፣ ከፍና ዝቅ ይደረጋል። እጀታ እንደ ጫማ ነው፤ ልክሽ ካልሆነ ምንም ያህል ውድ ቢሆን አያራምድሽም። እጄ ልክ ሲይዝ ሽጉጡን ሳነሳ ዓይኔን ከድኜም ቢሆን ማነጣጠሪያው ቀጥ ብሎ ይመጣል። ልክ ካልያዘ በየጥይቱ አንጓሽን እያረምሽ ነው የምትተኩሺው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከሩገርና ከ41 በፊት ሌላ ጥያቄ አለ። ሁለቱን ያዛቸው። ዓይንህን ጨፍነህ ክንድህን ወደ ዒላማው አንሳ። ከዚያ ዓይንህን ግለጥ። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው የትኛው ላይ ተስተካክሎ ጠበቀህ? በእጅህ ሳታርመው የመጣውን ግዛ።

ስለ ልጆቹ፦ ሽጉጡና ጥይቱ ለየብቻ፣ ሁለቱም ተቆልፈው። ቁልፉ ልጆቹ የማያውቁት ቦታ። ሰው የሚረሳው ግን እርሳሱን ነው። የ.22 ጥይት እርሳስ ነው፣ ተቀጣጣዩም ውስጥ እርሳስ አለ፣ ጭሱና ብናኙ ልብስና ጫማ ላይ ይቀራል። በተለይ የተኩሱ ቦታ አዳራሽ ውስጥ ከሆነ። ከዚያ ስትወጣ እጅህንና ፊትህን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠብ። ጫማህን ደጅ አውልቅ። ልብስህን ከልጆቹ ልብስ ጋር አትጠብ። ልጆቹን ከማቀፍህ በፊት ቀይር። ይህንን አደራ እልሃለሁ።

የአሌክሳንድሪያው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ባለቤቴም አብራኝ አነበበች፤ የእርሳሱን ነገር አላወቅንም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ጫማዬ ደጅ ነው።

እህቴ ያለችውን በክለቡ ሞከርኩ። አንድ አዛውንት የራሳቸውን 41 አስያዙኝ፣ ሌላው ደግሞ ማርክ 4ቱን። ዓይኔን ከድኜ ሳነሳ 41 ቀጥ ብሎ መጣ። ሩገሩ ግን አፈሙዙ ወደ ላይ ቀና አለ። ተስፋ ልቁረጥ? ጋሼ፣ ልዩነቱ እጀታው ላይ ከሆነ ሌላ መላ አለ?

ጋሽ ኮሎራዶ

አለ እንጂ! ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። እህታችን ያለችው ከእኔ ሂሳብ የሚቀድም ነው፣ እሷን ስማ።

ማርክ 4 ታርጌት እጀታው በጣም ወደ ኋላ የተጋደመ ነው፣ ከ1949ኙ የመጀመሪያው ሩገር ጀምሮ የመጣ ቅርፅ ነው። የ41 እጀታ ግን 1911 ወደሚባለው የ.45 ሽጉጥ ይጠጋል። አንተ 41 ላይ ከተስተካከልክ እጅህ የ1911 እጅ ነው። ሩገር ለዚህ ሲል 22/45 የሚባለውን ይሠራል። የላይኛው ክፍል ያው ማርክ 4 ነው፣ የእጀታው ዝንባሌ ግን የ1911 ነው። ብዙ ጊዜ ዋጋውም ከታርጌቱ ያንሳል። ቮልኳርትሰን ለእሱም የሚሆን ምላጭ አለው፣ ስትገዛ ለ22/45 መሆኑን ብቻ አረጋግጥ። ወደፊት .45ም ጨምሬ ሙሉውን የ2,700 ነጥብ ውድድር ልግባ ብትል እጅህ አዲስ ነገር መማር አያስፈልገውም።

ሂዩስተን ያለው ልጅም ልክ ነው፤ ያገለገለ 41 በጥሩ ዋጋ ከክለብ ሰው ካገኘህ አልከለክልህም። ግን ለጥይት የሚሆን ብር ካልተረፈህ አትንካው።

ያገለገለ ማርክ 4 ከገዛህ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቅ። ከጁን 1 ቀን 2017 በፊት የተሠሩትን ሩገር ለደኅንነት ሲል መልሶ ጠርቷቸዋል። ማጠበቂያው በመሃል ላይ ቆሞ ምላጩ ከተሳበ፣ ኋላ ማጠበቂያው ሲለቀቅ ሊተኩስ ይችል ነበር። የመለያ ቁጥሩን ለፋብሪካው ስጥና ጥገናው ተደርጎለት እንደሆነ አስጣራ። ካልተደረገለት ሳትተኩስበት ላከው።

22/45ንም ዓይንህን ከድነህ አንሳ። ምን እንደመጣ ጻፍልን።