40 ኤል ጨርቅ ስንት ሜትር ነው? ፋዘምና ኬብልስ?

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ ነገር ላይ ተቸግሬያለሁ። የአንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ የ1740ዎቹ የጉዞና የሒሳብ ማስታወሻ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «40 ኤል የተልባ እግር ጨርቅ ገዛሁ» ይላል። «ኤል» የሚለው ቃል መነሻው ክንድ እንደሆነ ስላነበብኩ «40 ክንድ» ብዬ ጻፍኩት። ቀጥሎ ደግሞ «3 ኔይል ስፋት ያለው ሪባን» አለ። ኔይልን ሚስማር እንዳልለው ሚስማርና ሪባን ምን አገናኛቸው? ከዚያ መርከቡ «በ7 ፋዘም፣ ከዳር 2 ኬብል ርቆ» መልሕቅ ይጥላል። ወደቡ ገና «3 ሊግ» ይቀረዋል። አንባቢ ርቀቱ በዓይኑ እንዲታየው እፈልጋለሁ። በሜትር ስንት ስንት ናቸው?

የጣቃ ነጋዴ፦
እህቴ፣ «40 ክንድ» የሚለውን ቶሎ አውጪው። የእኛ ክንድ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ነው፤ ግማሽ ሜትር ገደማ። 40 ክንድ 20 ሜትር ብቻ ነው። የእንግሊዝ ኤል ግን 45 ኢንች ነው፣ 114.3 ሳንቲ ሜትር። 40ው 45.72 ሜትር ይመጣል። በትርጉምሽ ከግማሽ በላይ ጨርቅ ጠፍቷል ማለት ነው።

ኔይል የጨርቅ ነጋዴዎች መለኪያ ነው። አንድ ያርድ 16 ቦታ ሲከፈል አንዱ ኔይል ነው፤ 2 ኢንች ከሩብ። 3 ኔይል 17 ሳንቲ ገደማ ይሆናል። ለሪባን በጣም ሰፊ ነው፣ የነጠላ ጥለት ያህል።

እኔ እንደዚህ ያለ ነገር ሲያጋጥመኝ ሁሉንም መጀመሪያ ወደ ኢንች እመልሳለሁ። ከዚያ በ2.54 ማባዛት ነው። ከአንዱ የድሮ መለኪያ ቀጥታ ወደ ሌላው ስትዘይ ነው ስሕተት የሚገባው።

ታሪክ ወዳድ፦
ትክክል ብለሃል ወንድሜ፣ ግን አንድ ነገር ይቀራል። የማን ኤል? ለእንግሊዝ ነጋዴዎች ኤል አንድ አልነበረም። የራሳቸው 45 ኢንች ነው። የፍላንደርስን (የዛሬዋ ቤልጂየም አካባቢ) 27 ኢንች፣ የፈረንሳይን 54 ኢንች አድርገው ያሰሉ ነበር። የስኮትላንድ ደግሞ 37 ኢንች ነው። በፍላንደርስ ኤል ከሆነ 40ው 27.43 ሜትር ብቻ ነው። ከ45 ሜትር ጋር ያለውን ልዩነት እዩት! ስለዚህ እህት ተርጓሚ፣ ጨርቁ የት ነው የተገዛው? ዋጋው በየትኛው ገንዘብ ነው የተጻፈው? እሱን ሳታዪ ሜትሩን እንዳትጽፊ። «ኤል» ብለሽ ብቻ ማስሊያ ላይ ብታስገቢ 45 ኢንቹን ወስዶ ሊሰጥሽ ይችላል።

መርከበኛው፦
የባሕሩን እኔ ልመልስ። ባሕር ዳር ሠልጥኜ አሁን የምሠራው መርከብ ላይ ነው።

ፋዘም 6 ጫማ ነው፣ 1.83 ሜትር። ሁለት እጅ ግራና ቀኝ ሲዘረጋ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ማለት ነው። ገመድ ከባሕር ሲጎተት በዝርግ እጅ መቁጠር ይቀላል። 7 ፋዘም 12.8 ሜትር ነው።

ድሮ ጥልቀት የሚለካው ጫፉ ላይ እርሳስ በታሰረ ገመድ ነበር። ገመዱ ላይ ምልክቶች አሉ። 2 እና 3 ፋዘም ላይ የቆዳ ቁራጭ ይታሰራል። 5 ላይ ነጭ ጨርቅ፣ 7 ላይ ቀይ ጨርቅ። 10 ላይ ቀዳዳ ያለው ቆዳ። የጨርቆቹ ሸካራነትና ልስላሴ ይለያያል፤ ሌሊት ቀለሙ ባይታይም መርከበኛው ዳስሶ ይለየዋል። የአንቺ ነጋዴ «7 ፋዘም» ሲል፣ ገመድ ጣዩ ቀዩን ጨርቅ በእጁ ይዞ ነበር ማለት ነው።

ኬብል ግምት ነው። 100 ፋዘም የሚሉት አሉ፣ 183 ሜትር ገደማ። የባሕር ማይል አንድ አሥረኛ የሚሉት አሉ፣ 185 ሜትር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል 120 ፋዘም ይለዋል፤ እሱ 219 ሜትር ነው፣ ለአንቺ ግን አይሆንም። በዓይን የተገመተን ርቀት «370.4 ሜትር» ብለሽ አትጻፊ። «370 ሜትር ገደማ» ይበቃል። ሊግ 3 የባሕር ማይል ነው። 3 ሊግ 16 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ በይው። የባሕር ማይል 1852 ሜትር ነው የተባለው ገና በ1929 ስለሆነ፣ ለ1740ዎቹ ከዚህ የጠበቀ ቁጥር አይታመንም።

የቆሎ ትምህርት ቤት ልጅ፦
የእጅ ዝርጋታው ነገር ሐዋርያት ሥራ 27 ላይም አለ። የጳውሎስ መርከብ በሌሊት ወደ ማልታ ሲጠጋ መርከበኞቹ ገመድ ጣሉ፤ መጀመሪያ 20፣ ጥቂት አልፈው 15 አገኙ። በግሪኩ መለኪያው ያው የዝርግ እጅ ልክ ነው። 37 ሜትር የነበረው ወደ 28 ሜትር ሲወርድ ነው ፈርተው አራት መልሕቅ የጣሉት።

ክንድም ለጨርቅ ብቻ አልነበረም። የኖኅ መርከብ 300 ክንድ ነው። የሙሴ የመገናኛ ድንኳን መጋረጃ ወርዱ 4 ክንድ ነው። ክንድን 18 ኢንች ካልነው 4 ክንድ ልክ 6 ጫማ ይመጣል።

መርከበኛው፦
አንድ ፋዘም! ይሄን አላስተዋልኩም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ተርጓሚዋ፦
ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ተመልሼ አየሁት። ጨርቁን የገዛው በዛሬዋ ቤልጂየም፣ አንትወርፕ ነው፣ ዋጋውም በዚያው አገር ገንዘብ ነው የተጻፈው። የፍላንደርስ ኤል ነው ማለት ነው?

ታሪክ ወዳድ፦
አዎ፣ ያለ ጥርጥር በ27 ኢንቹ ሂጂ። ለንደን ሲሸጠው በ45ቱ ሊጽፈው ይችላልና የሽያጩን ገጽ ለብቻው እዪው። 40 የፍላንደርስ ኤል 24 የእንግሊዝ ኤል ነው። መዝገቡ ላይ 24 ካገኘሽ ጨርቅ አልጎደለም፣ ያው ነው።

መርከበኛው፦
40 የፍላንደርስ ኤል 1080 ኢንች ነው። ልክ 15 ፋዘም! እኛ መርከብ ላይ አንድ ሻክል የመልሕቅ ሰንሰለት የምንለው ርዝመት ነው።

ተርጓሚዋ፦
የሽያጩ ገጽ ላይ 24 ይላል! ትናንት «16 ኤል የት ገባ?» ብዬ የግርጌ ማስታወሻ ጽፌ ነበር፤ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። «40 የፍላንደርስ ኤል፣ 27 ሜትር ከ40 ገደማ» ብዬ አስተካክዬዋለሁ።