በቺቪታቬኪያ ወደብ የሽርሽር መርከብ ላይ ለመሳፈርና ለመውረድ ምን ማወቅ ይገባናል?

ጥያቄ፦ እናት ከለገጣፎ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ከጡረታ በኋላ የምንኖረው በለገጣፎ ነው። ጀርመን የምትሠራው ልጃችን የጋብቻችንን 35ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በመጪው ግንቦት የሰባት ሌሊት የባሕር ሽርሽር ጋብዛናለች። መርከቡ የሚነሣው የሮም ወደብ ከምትባለው ከቺቪታቬኪያ ሲሆን ፓሌርሞን፣ ቱኒዝ አጠገብ ያለውን ላ ጉሌትን፣ ባርሴሎናን፣ ማርሴይንና ጄኖቫን አዳርሶ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። እኛ ከቦሌ በቀጥታ ወደ ሮም እንበራለን፤ እርሷ ደግሞ ከፍራንክፈርት መጥታ ወደቡ ላይ ትጠብቀናለች።

እውነቱን ለመናገር ወደብ ሲባል ከሞጆው ደረቅ ወደብ በቀር በዓይኔ ያየሁት የለም። ባለቤቴ ምጽዋን የሚያውቃት በወጣትነቱ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚያስታውሰው ሙቀቷን ብቻ ነው። ልጄ «እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፣ አትጨነቁ» ትለኛለች፤ እኔን ግን ያስጨነቀኝ ከልጄ ጋር ከመገናኘታችን በፊት ያለው መንገድ ነው። ሻንጣችንን የምናስረክበው ለማን ነው? ባለቤቴ ጉልበቱን ስለሚያመው ረጅም ሰልፍ መቆም አይችልም፤ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነም ኢንሱሊን ይወስዳል። ቡናችንንስ ከነጀበናው ይዘን መግባት ይፈቀድልን ይሆን? በመጨረሻው ቀን ከመርከቡ ስንወርድ ምን እንደሚጠብቀንም የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ 1፦ የጉዞ ወኪል፣ ሰበታ

እትዬ፣ በመጀመሪያ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ስለ ሻንጣውና ስለ ሰልፉ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ሰዎች እንደሚመልሱልዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኔ ግን የጻፉትን የወደቦች ዝርዝር ሳነብ ላ ጉሌት የሚለው ስም ላይ ስደርስ ቆምኩ። ፓሌርሞ፣ ባርሴሎና፣ ማርሴይና ጄኖቫ ሁሉም በሸንገን ክልል ማለትም በአንድ ቪዛ በሚዞሩባቸው የአውሮፓ አገሮች ውስጥ ናቸው። ቱኒዚያ ግን ከክልሉ ውጭ ስለሆነች መርከቡ ከፓሌርሞ ተነሥቶ ወደዚያ ሲሻገር እናንተ ከሸንገን እንደወጣችሁ ይቆጠራል፤ ባርሴሎና ስትደርሱ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ እንደምትገቡ ማለት ነው። ስለዚህ አሁኑኑ ፓስፖርታችሁን አውጥታችሁ በቪዛው ወረቀት ላይ የመግቢያ ብዛት በሚለው ቦታ የተጻፈውን ተመልከቱ። 01 የሚል ከሆነ በዚህ ጉዞ ተርሚናሉን አታልፉም። መላሾቻችሁ የድንበር ፖሊሶች እንኳ አይሆኑም፤ ቪዛው ለጉዞው የማይበቃ መንገደኛ ቢያሳፍር ኃላፊነቱ በራሱ ላይ ስለሚወድቅ የመርከቡ ኩባንያ ሠራተኛ ገና መመዝገቢያው ላይ ይመልሳችኋል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ለኢትዮጵያውያን ብዙ መግቢያ ያለው ቪዛ በመደበኛነት እንዳይሰጥና የማመልከቻ ማስተናገጃው ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል ወስኗል። በመሆኑም ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ለራሳቸው የሚገዙት የሽርሽር መርሐ ግብር ለእኛ ፓስፖርት ላይስማማ ይችላል፤ ልጅዎ የጀርመን ነዋሪ እንደመሆኗ ይህ ነገር ጨርሶ ባይታያት አይፈረድባትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ስም ነው። በእኛ ልማድ ባልና ሚስት የአባትም የአያትም ስም አይጋሩም፤ የኩባንያው ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። ልጅዎ ትኬቱን ስትሞላ የሁለታችሁንም ስም በፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ ባሉት ሁለት መስመሮች ላይ እንደሰፈረው ፊደል በፊደል ትገልብጠው። የተተረጎመ የጋብቻ ምስክር ወረቀት መያዝም አይከፋም።

እናት ከለገጣፎ

እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ። መልእክትሽን እንዳነበብኩ ፓስፖርቶቹን ከሣጥን አወጣሁ፤ በሁለቱም ላይ የተጻፈው 01 ነው። ልጄ ትናንት ማታ ደውላ ቱኒዝን የማይነካ፣ በፓሌርሞ ፋንታ ናፖሊን፣ በላ ጉሌት ፋንታ ፓልማን የሚጎበኝ ሌላ ጉዞ አስለውጣለች። ለለውጡ የተወሰነ ገንዘብ ከፍላለች፤ ስንት እንደሆነ ግን ልትነግረኝ አልፈለገችም። አሁን የቀሩት የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎቼ ናቸው።

መልስ 2፦ ባሕርተኛው፣ ገላን

እናቴ፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሠልጥኜ በሽርሽር መርከብ ሞተር ክፍል ሁለት ኮንትራት ሠርቻለሁ፤ ቺቪታቬኪያንም በየሳምንቱ አያት ነበር። ወደቧ ከሮም በስተሰሜን ምዕራብ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ስለዚህ ትኬት ላይ «ሮም» ተብሎ ሲጻፍ ከተማው ውስጥ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ በባቡር መጥታችሁ ትራስቴቬሬ በምትባለው ጣቢያ ወደ ቺቪታቬኪያ የሚሄደውን ባቡር ትቀይራላችሁ። በወደቡ ቅጥር ውስጥ ከባድ መኪናዎች ስለሚመላለሱ መንገደኛ እስከ መርከቡ በእግሩ አይሄድም፤ ላርጎ ዴላ ፓቼ በምትባለው አደባባይ መሳይ ቦታ የወደቡ አውቶቡሶች ቆመው ይጠብቃሉ፣ ክፍያም አይጠይቁም። ይሁንና የባለቤትዎ ጉልበት የሚያም ከሆነ ልጅዎ መኪና ተከራይታ እስከ ተርሚናሉ በር ብታደርሳችሁ ይሻላል፤ ባቡር ውስጥ ሻንጣ ማውጣትና ማውረድ ከሰልፉ የባሰ ነው።

ተርሚናሉ በር ላይ ስትደርሱ ትልልቅ ሻንጣዎቻችሁን የሚቀበሉ የወደብ ሠራተኞች ታገኛላችሁ። ከማስረከባችሁ በፊት ኩባንያው በኢሜይል የሚልከው፣ የካቢን ቁጥራችሁ ያለበት ወረቀት በየሻንጣው እጀታ ላይ በደንብ መታሰር አለበት። ያስረከባችሁትን ሻንጣ ከዚያ በኋላ የምታዩት ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ከምሽት በኋላ በካቢናችሁ በር ላይ ነው። ስለዚህ ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ መነጽር፣ ኢንሱሊኑና መርፌው ከሐኪም ማዘዣው ጋር፣ አንድ ቅያሪ ልብስም ጭምር በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይቅሩ። ፓስፖርቱን በሻንጣ ውስጥ አስቀምጦ ያስረከበ መንገደኛ ሻንጣው እስኪፈለግለት ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ያየሁበትን ቀን ብዛት ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ከበሩ በኋላ ፍተሻው ይመጣል። ቦሌ ላይ ከለመዳችሁት የሚለየው የፈሳሽ መጠን አለመቆጠሩ ነው፤ የሚፈሩት ከምንም በላይ እሳት ነው። መርከብ ላይ እሳት ቢነሣ ሸሽተው የሚደርሱበት ቦታ የለምና የልብስ ካውያ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የውኃ ማፍያ፣ ሻማና እጣን በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ የተከለከሉ ናቸው። ጀበናው እንደ ማንኛውም የሸክላ ዕቃ ያልፋል፤ የሚያፈላበት እሳት ግን አታገኙለትም። የተቆላ ቡና፣ በርበሬና ሽሮ ችግር የለባቸውም። ቋንጣና ቅቤ ግን አትያዙ፤ የሥጋና የወተት ውጤት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በመንገደኛ ሻንጣ ማስገባት ስለሚከለከል ገና ፊዩሚቺኖ ላይ ይወስዱባችኋል።

ከፍተሻው ቀጥሎ ያለው መመዝገቢያ ነው። ልጅዎ ምዝገባውን አስቀድማ በኢንተርኔት ጨርሳ የመድረሻ ሰዓት ከመረጠች እዚያ የሚቀራችሁ ፓስፖርት ማሳየትና ፎቶ መነሣት ብቻ ነው። ከዚያ የሚሰጧችሁ ካርድ የካቢን ቁልፍ፣ የመክፈያ ካርድና የመውጫ መግቢያ ፈቃድ ሆኖ ያገለግላል፤ በየወደቡ ስትወጡና ስትገቡ በመሣሪያው ላይ ሲነካ ፎቷችሁ ለጠባቂው ይታየዋል፣ መርከቡም ማን ውጭ እንደቀረ የሚያውቀው በዚሁ ነው። በአንዳንድ ጉዞዎች ሠራተኞቹ ፓስፖርቱን ተቀብለው እስከ መጨረሻው ቀን ያስቀምጡታል። ይህ የተለመደ አሠራር ስለሆነ አትደንግጡ፤ የገጹን ፎቶ ግን ስልካችሁ ላይ ያዙ። ተሽከርካሪ ወንበር ለባለቤትዎ ከአሁኑ በጽሑፍ ይጠየቅለት፤ በዕለቱ ከጠየቃችሁ ትጠብቃላችሁ።

ካቢን እንደገባችሁ ስለ አደጋ ጊዜ መሰብሰቢያ የሚሰጠውን ልምምድ ሳትጨርሱ ምግብ ፍለጋ አትሂዱ። ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ከዚሁ ከቺቪታቬኪያ ተነሥታ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከቋጥኝ ጋር ስትጋጭ 32 ሰዎች ሞተዋል፤ በዚያው ምሽት ከወደቡ የተሳፈሩት መንገደኞች ገና ልምምዱን አላደረጉም ነበር። ዛሬ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያውኑ እንዲሆን በዓለም አቀፍ ሕግ ተደንግጓል።

አንድ ነገር ላክል፦ ሰዓት። መርከቡ 16:30 ላይ ሁሉም ይግባ ካለ በእኛ አነጋገር 10 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ባለቤትዎ ሰዓታቸውን በሐበሻ አቆጣጠር የሚያስሩ ከሆነ ለዚያ ሳምንት በመርከቡ ሰዓት ያስተካክሉት። በራሳችሁ ታክሲ ሽርሽር ወጥታችሁ ብትዘገዩ መርከቡ አይጠብቃችሁም፤ የሚጠብቀው በራሱ ጉብኝት የላካቸውን ብቻ ነው።

መልስ 3፦ ጡረተኛ መምህር፣ ቡራዩ

ባሕርተኛው ወንድማችን መሳፈሩን በሚገባ አብራርቶታል፤ ስለዚህ እኔ ስለ መውረዱ ልናገር። ባለፈው ዓመት እኔና ባለቤቴ ከባርሴሎና ተነሥተን ስንመለስ እንደተረዳሁት መሳፈሩ ሰው በፈቀደው ሰዓት ተከፋፍሎ የሚመጣበት በመሆኑ ይቀላል፤ መውረዱ ግን ሁሉም በአንድ ጠዋት ካልወረድኩ የሚልበት ነው።

በመጨረሻው ምሽት ቀለምና ቁጥር ያለው ወረቀት ካቢናችሁ ውስጥ ይደርሳችኋል። እርሱን ሻንጣችሁ ላይ አስራችሁ በተነገራችሁ ሰዓት ከበሩ ውጭ ታስቀምጣላችሁ፤ ሠራተኞቹ ሌሊቱን ሰብስበው ያወርዱታል። እኔ በዚያ ምሽት ሥርዓት አክባሪነቴን ለማሳየት ስቸኩል ሱሪዎቼን ሁሉ አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ አስወጣሁ። ጠዋት ስነቃ የቀረኝ የሌሊት ልብስ ብቻ ነበር። ለቁርስ የወረድኩት የባለቤቴን ነጠላ እንደ ሽርጥ ታጥቄ ሲሆን፣ አስተናጋጁ የአገሬ የክብር ልብስ መስሎት እጅ ነሣኝ። ስለዚህ የጠዋቱን ልብስና ጫማ አስቀድማችሁ ለዩ፤ መድኃኒቱም ከእጅ አይውጣ።

የወጪ ሒሳቡም በዚያው ሌሊት ይዘጋል። የኛ ካርድ ውጭ አገር ላይ እምቢ ሊል ስለሚችል ልጅዎ የራሷን ካርድ ለሁላችሁም ካቢን ታስመዝግብ፤ ከማለዳ በፊትም ዝርዝሩን ተመልከቱት፣ እኛ ያልጠጣነውን ሁለት ጠርሙስ ውኃ አስቀንሰናል። ጠዋት የቀለማችሁ ተራ እስኪጠራ ድረስ ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ። ደረጃው ላይ ሄዶ መቆም ወረፋውን አያሳጥርም፤ ለታመመ ጉልበት ደግሞ ቅጣት ነው። ተርሚናሉ አዳራሽ ውስጥ ሻንጣዎቹ በየቀለማቸው ተደርድረው ይጠብቋችኋል፤ የእናንተን ከሌላው የሚለይ ምልክት ካላሰራችሁበት ግን ጥቁር ሻንጣ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

ከቀትር በፊት የሚነሣ በረራ አትያዙ። ከሸንገን የምትወጡት ፊዩሚቺኖ ላይ ነው፤ ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በማኅተም ፋንታ አሻራና ፎቶ የሚመዘግበው አዲሱ ሥርዓት ሥራ ስለጀመረ እዚያም ጊዜ ይወስዳል።

እናት ከለገጣፎ

ከተመለስን ሁለት ሳምንት ሆነን። ለመከራችሁኝ ሁሉ የሆነውን መንገር ዕዳዬ ስለሆነ ጻፍኩ።

ፍተሻው ላይ ጠባቂዋ ጀበናውን አውጥታ አንገቱ ውስጥ በባትሪ ብርሃን አየች፤ ከዚያም ጓደኛዋን ጠርታ ሁለቱ ተያይተው ሳቁና መለሱልኝ። እጣኑን ለገጣፎ ትቼው መሄዴ በጀኝ፤ ከፊታችን የነበሩት ሴትዮ ሻማቸውን አስረክበው ደረሰኝ ተሰጥቷቸዋል። ባለቤቴ በተሽከርካሪ ወንበር በጎን በር ስለገባ ከእኛ ቀድሞ መርከቡ ውስጥ ተቀምጦ አገኘነው። ኢንሱሊኑን ማንም አልጠየቀበትም፤ ካቢናችን ውስጥ ትንሽ ማቀዝቀዣ ነበረች። መመዝገቢያው ላይ ግን የቪዛውን ገጽ ሁለት ሰዎች ተቀባብለው አዩት፤ አንደኛው ጣቱን 01 የሚለው ላይ አድርጎ የጉዞውን ዝርዝር በኮምፒዩተር ሲያገላብጥ ልቤ ቆሞ ነበር። እርሱ ሲጨርስ ካርዳችንን ያስረከበችን ሌላኛዋ ናት።

ለጋሽ መምህር፦ የባለቤቴን ሱሪ ወንበር ላይ ሰቅዬ ነው ያደርኩት። ሻንጣዎቻችን እጀታ ላይ ከአሮጌ ቀሚሴ የቀደድኩትን ጥለት አስሬበት ስለነበር አዳራሹ በር ላይ ሆኜ ሁለቱንም ለየኋቸው፤ ልጄ የራሷን ጥቁር ሻንጣ ፍለጋ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ስትዞር ቆየች።