ስለ አክሱም ሐውልቶች፦ ከርዝመታቸው ሌላ ለተማሪ ምን ይነገር?

የታሪክ መምህር፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ለተማሪዎቼ ስለ አክሱም ሐውልቶች አጭር ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ ነኝ። በየመጽሐፉ ተደጋግሞ የሚገኘው የሐውልቶቹ ርዝመትና የአንደኛው ከሮም መመለስ ሲሆን፣ እኔ የምፈልገው ግን ተማሪው ከድንጋዩ ፊት ሲቆም ዓይኑን የት ላይ ማሳረፍ እንዳለበት የሚያመለክት ነገር ነው። በተጨማሪም ትልቁን ሐውልት ዮዲት ጉዲት ጣለችው፣ የሮሙንም ጣሊያኖች ከቆመበት ነቅለው ወሰዱት ሲባል እሰማለሁና፣ የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ጥበበ ድንጋይ፦
መምህር፣ ተማሪዎችዎን በመጀመሪያ ወደ ሐውልቱ ግርጌ ይምሯቸው። እዚያ ከነመዝጊያው የተቀረጸ፣ ነገር ግን ከዐለቱ ጋር አንድ በመሆኑ ፈጽሞ የማይከፈት በር ያገኛሉ። ከበሩ በላይ መስኮቶች በየደርቡ ተደርድረው ይወጣሉ፤ በደርቦቹ መካከል በረድፍ ብቅ ብቅ ያሉት ክብ ጉጦች ደግሞ በሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች ዘንድ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት ናቸው። የአክሱም ግንበኞች ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ ይገነቡ ስለነበር፣ ጉጦቹ ግድግዳውን አልፈው ወደ ውጭ የሚወጡትን የእንጨት ጫፎች ይወክላሉ። ስለዚህ ሐውልቱ፣ በእኔ እምነት፣ መነበብ ያለበት እንደ ባለ ብዙ ደርብ ቤት ነው። ይህ የአሠራር ስልት በእውነተኛ ሕንፃ ላይ በደብረ ዳሞ ይታያል፤ ወደዚያ ሴቶች ስለማይገቡ ግን ለተማሪዎችዎ በላሊበላ አቅራቢያ የሚገኘው ይምርሐነ ክርስቶስ የተሻለ ምሳሌ ይሆናል። በንጉሥ ኢዛና ስም የሚጠራውን ሐውልት ዞረው ሲመለከቱ ደግሞ ጀርባው ያልተቀረጸ መሆኑን ያስተውሉ።

አብርሃ ዘሰሜን፦
ወንድሜ ከተናገረው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ድንጋዩ የተፈለጠው ከከተማው በስተምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ጎቦ ዱራ ሲሆን፣ ዐለቱን ለመሰንጠቅ ሽብልቅ የገባባቸው ጉድጓዶች ተራ በተራ ተሰልፈው እስከ ዛሬ ይታያሉ። ተማሪዎቹ እነዚያን በእጃቸው ቢዳስሱ የሥራው ክብደት ይገባቸዋል።

ወለተ አክሱም፦
ሁለቱን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ልመልስ። ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት አለው፤ ይሁን እንጂ በመሬት ውስጥ እንዲቀበር የታሰበው ክፍሉ ከዚህ ሁሉ ቁመት አንጻር እጅግ አጭር ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች ሐውልቱ ገና ሲተከል ወይም ከተተከለ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እንደወደቀ ያምናሉ። የዮዲት ታሪክ በትውፊትነቱ መነገሩ ተገቢ ነው፤ በትውፊትነቱ ብቻ ግን ይሁን።

24 ሜትር ያህል የሚረዝመውን ሐውልት በተመለከተ፣ የፋሺስት ጣሊያን ጦር ሲያገኘው ወድቆና ተሰባብሮ ነበር። ይህ ግን የዘረፋውን በደል በምንም አያቀልለውም። እ.ኤ.አ. በ1937 ተጭኖ ተወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወራት ውስጥ እንድትመልስ ቢያስገድድም፣ ቁርጥራጮቹ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ሦስት ጊዜ ተጓጉዘው አክሱም የገቡት በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው። ይህን ያህል ዘመን መዘግየቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉት። ዳግም ቆሞ የተመረቀው ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው።

የታሪክ መምህር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እህቴ። ሐውልቶቹ የመቃብር ምልክት ናቸው መባሉስ የተረጋገጠ ነውን?

ወለተ አክሱም፦
አዎን፣ በአካባቢያቸው ከመሬት በታች የተገነቡ መቃብሮች በቁፋሮ ተገኝተዋል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ የእነዚህ ግዙፍ ሐውልቶች ተከላ አብቅቷል። ተማሪዎችዎን «ነፋስ ማውጫ» ወደሚባለው መቃብርም ይውሰዷቸው፤ ጣሪያው 360 ቶን ያህል የሚመዝን አንድ ወጥ ድንጋይ ሲሆን፣ ትልቁ ሐውልት ሲወድቅ ያረፈው በእርሱ ላይ ነው።